አንጀት የተባለው ውሃ ልክ

ረቡዕ
ግድግዳዬ ተከሰሰ። ፎርማናችን ጋሼ መኮንን ያንን ቢጫ ውሃ ልካቸውን አራተኛው ረድፍ ብሎኬት ላይ አጋደሙት። መሃል መቆም ያለባት አረፋ ወደ ግራ ሸሸች። «ይኼ ግድግዳ በርበራ ወደብ ሊወርድ ተነስቷል» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ቀልዱ ጥሩ ስለነበር እኔም ትንሽ ሳቅሁ። «ቅዳሜ ይፈርሳል፤ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ።» ይኼኛው ቀልድ አልነበረም።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ መስክር፦ በዚያው ውሃ ልክ ባለፈው ሳምንት የኮንክሪት ጣውላ ሲፈለቅቁበት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እሱ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ዕቃ ነው። እኔ ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር በእግሬ የምመጣ ግንበኛ ነኝ። ማን ይታመናል?

ሐሙስ
ከሥራ መልስ ብቻዬን ስብሰባ ተቀመጥኩ። አጀንዳ፦ የራስን ውሃ ልክ መሥራት። የተገኘ ንብረት፦
ከጋራዥ የተጣለ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ፣ አሥር ክንድ (ከነናፍጣ ሽታው)፤
ሁለት የሳጥን እንጨት፤
ውሃውን ማቅለሚያ፣ ከቁርስ የተረፈ ሻይ።

አብሮኝ የሚኖረው ሹፌሩ ደረጀ ቱቦውን አይቶ «በሽተኛው የታለ?» አለኝ። ውሃ ሞልተን ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ያዝን። እኩል መሆን ሲገባው ውሃው ሁለት ጣት ተበላለጠ። ሳልበላ ተኛሁ።

ዓርብ
በዚህ አገር የዕረፍት ቀን። ወንጀለኛዋ ተያዘች፦ ቱቦው መሃል የተደበቀች፣ ሽንብራ የምታህል አየር። አንዱን ጫፍ ሰቅዬ ውሃ በቀስታ ሳፈስበት ወጣች። አሁን እኩል ነው። ለሙከራ የተከራየነውን ቤት ለካን። ቤቱ ጠማማ ነው። ለአከራያችን አልነግራቸውም።

ቅዳሜ
መዶሻው ቀድሞኝ ደርሷል። ቱቦዬን ዘረጋሁ።
«ፋሲካ ሳይደርስ በግ አረድክ? የምን አንጀት ነው?» አሉ ጋሼ መኮንን።
«ውሃ ልክ ነው፣ ጋሼ።»
የምንሠራው ቤት ባለቤት ሐጂ፣ ጅግጅጋ ስላደጉ አማርኛችን አያመልጣቸውም። «ይለካ። ውሃ ፎርማን አይፈራም» ብለው አንዱን ጫፍ ራሳቸው ያዙ።

ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቆመ፤ ግድግዳዬ ልክ ነው። የማዕዘኗ ብሎኬት ብቻ ግማሽ ጣት ዝቅ ብላለች። ዝም ማለት እችል ነበር። «ይቺ የኔ ጥፋት ናት» ብዬ ነቀልኳት። ከዚያ የጋሼን ውሃ ልክ ረድፉ ላይ አስቀመጥኩት፤ አረፋዋ ወደ ግራ። ጫፉን አዙሬ እዚያው መለስኩት፤ ወደ ቀኝ። ያው ግድግዳ፣ ያው ቦታ። ጠማማው ውሃ ልኩ ነው። መዶሻው ዕቃ ቤት ገባ።

ሥራዬ ይኑር አይኑር የነገረኝ የለም። ስንወጣ ጋሼ መኮንን ፊታቸውን ሳያዞሩ እንዲህ አሉ፦ «ነገ ያንን አንጀትህን ይዘህ ና።»