ለወንበርሽ የሚበቃ በር

ረቡዕ፣ የካቲት 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽንስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከግራ አውራ ጣቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የጣቴን ነገር ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ቸግሮኝ አይደለም። በስልክ «ነይ ወደ ቤትሽ» ባልኩሽ ቁጥር «እማዬ፣ ነርሷ መጣች» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ያቺ ነርስ እኔ አፌን ስከፍት ጠብቃ ነው እንዴ የምትመጣው? ደብዳቤ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ያልሽኝን አልረሳሁም። ሆስፒታሉ በዚህ ወር መጨረሻ ያስወጣሻል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች የተሠራ መኖሪያ እዚያው አግኝተሽ ልትፈርሚ ነው። «የኛ ቤት እኮ፣ እማዬ፣ መታጠቢያ ቤቱ እንኳ አያስገባኝም» አልሽኝ። ከዚያ ስለ እግርሽ ለማንም እንዳልናገር ለሦስተኛ ጊዜ አስማልሽኝ። ማልኩ። ስልኩን እንደዘጋሽው ግን ሜትሬን ይዤ ተነሳሁና በሩን ለካሁት፤ ስልሳ ሁለት ሳንቲም ሜትር። በማግስቱ ነርሷ ጋ ደውዬ ስጠይቃት፣ ወንበርሽ ከጎማ እስከ ጎማ ስልሳ አምስት ነው አለችኝ። እንግዲህ ልጄን ከቤቷ ያስቀራት ሦስት ሳንቲም ከሆነ፣ ሦስት ሳንቲም አያሸንፈኝም አልኩ።

ግንበኛ ብጠራ «ይህን ያህል ሰፊ በር ለምንዎ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት አንድ ግድግዳ ያቅታታል? ወሬ ከሰማች የማታሳድረው ጎረቤታችን፣ ሬዲዮ ያልናት፣ የመዶሻ ድምፅ ሰምታ ስትመጣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላስገባ ነው አልኳት። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት ኪሎ ነው የሚያጥበው?» ይለኝ ጀመር።

እንደ ጨርቅ በጠመኔ አሰመርኩት። ሰማንያ ሳንቲም ለካሁ። ከዚያ እጄ እኔን ሳያማክር ከግራም ከቀኝም ሦስት ሦስት ሳንቲም ለስፌት ትቶ ወደ ውስጥ አሰመረ። የሸሚዝ አንገት ሲቆረጥ ወደ ውስጥ ትርፍ ካልተውሽለት፣ ሲታጠፍ ይሰፋብሻል። ግድግዳ ግን አይታጠፍም! ይህ የገባኝ ሁለት ቀን ሙሉ በአባትሽ መዶሻና መሮ ብሎኬት ስፈልጥ ከርሜ፣ አውራ ጣቴንም ቀጥቅጬ፣ መቃኑን አቁሜ ስለካው ነው። መቃኑም የራሱን ስምንት በልቶ፣ ስልሳ ስድስት! ወንበርሽ በጭንቅ ያልፋል፤ ጎማውን የሚገፉት እጆችሽ ግን ውጭ ይቀራሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ መቃኑን ነቀልኩና በግራ በኩል እንደገና ገባሁበት።

በሦስተኛው ምት ውሃ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ቧንቧ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ማን ነግሮኝ? በእጄ ያዝኩት፣ በፎጣ አፈንኩት፣ በመጨረሻም በገበር ጨርቅ ጠምጥሜ ድርብ ቋጠሮ አሰርኩበት። አልሰማኝም። ኮሪደሩን ሞልቶ፣ በረንዳውን ተሻግሮ ሬዲዮ ደጃፍ ደረሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ፤ በር አሰፋለሁ ብዬ ቤቱን ላሰጥመው!

ሬዲዮ ባልዲ ይዛ «አንቺ ሴትዮ፣ ማሽኑ ሳይገባ ማጠብ ጀመርሽ እንዴ?» እያለች ገባች። ሁኔታዬን ስታይ ግን ሳቋን ትታ ሮጠችና ጋሽ ቱንቢን ይዛው መጣች። ታውቂው የለ፣ የግድግዳሽን ቀጥ ማለት በቱንቢው ሳያይ ሰላም የማይልሽ ግንበኛ። በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄዶ ውሃውን ዘጋው። እኔ መዝጊያው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ከዚያ መጥቶ የፈለጥኩትን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ ነጠብጣብ መስመር ምንድነው፣ እትዬ?»

«የሚታጠፍበት ነው» አልኩት፣ አፌ ቀድሞኝ።

«እሺ። ከላይ ያለውን ብሎኬትስ ምን ይሸከመዋል ብለው ነው?»

«እስካሁን ምንም አልሆነም።»

«እስካሁን!» አለና ሬዲዮን ክንዷን ይዞ ከበሩ ሥር ጎትቶ አወጣት። ሁለት ወፍራም እንጨት አምጥቶ ካስደገፈው በኋላ ነው ትንፋሹ የተመለሰው።

ቀጥሎ ዓይኑ፣ ከወንበርሽ ስትሻገሪ ትይዥዋለሽ ብዬ ከመጸዳጃው ጎን ወደ ሰካሁት የመያዣ ብረት ሄደ። «ለማሽን ነው ሲባል ሰምቼ ነበር» አለኝ። «ማሽኑ ሲነሳና ሲቀመጥ ይሄን ሊይዝ ነው?» እሱም ብረቱን ጨበጠና በአንድ እጁ ሳብ አደረገው። ሳብ ብቻ። ብረቱ ከነብሎኑ፣ ከነልስኑ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ብረቱን የያዘው እጅ ያንቺ ሆኖ ታየኝ። ከወንበርሽ ልትነሺ ብለሽ ክብደትሽን ሁሉ ጥለሽበት፣ እሱ ደግሞ ተነቅሎ… እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ምስጢርሽን እጠብቃለሁ ስል አንቺን ልጥልሽ ነበር።

ነገርኳቸው። የመኪናውን አደጋ፣ አከርካሪሽን፣ ሐኪሞቹ ያሉትን፣ ሁሉንም። «ልጄ ከእንግዲህ አትራመድም» ብዬ በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ምስጢሩን የፈለግሽው አንቺ ብቻ አልነበርሽም። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር። መዶሻ ያነሳሁት ያቺን አንዲት ቃል ላለመናገር ነው። ስናገራት ግን ጣራው አልተደረመሰም፤ ደግነቱ እንጨት ተደግፎ ነበር።

ሬዲዮ ምን አለች ትዪ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለችም። ወለሉን በጨርቅ እያደረቀች ታለቅስ ነበር። ኋላ ላይ «አደራ ብለሽ ብትነግሪኝ እኮ አላወራም ነበር» አለችኝ። «እስከዛሬ ማንም አደራ ብሎኝ አያውቅም።» አንጀቴን በላችው።

ጋሽ ቱንቢ ሥራውን ከያዘ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ከበሩ በላይ ብረትና ሲሚንቶ አጋድሞ ግድግዳውን አሸክሞታል፤ ቧንቧውን አዛውሯል፤ በሩንም ዘጠና አድርጎታል፣ መዞሪያም ያስፈልጋታል ብሎ። የደጃፉን ሁለት ደረጃ በተዳፋት ተካው። እኔ አንድ ሜትር ይበቃል ብዬ ነበር። እሱ «እንዲህ ቁልቁል ሆኖ ስትወርድ ማን ሊይዛት ነው?» ብሎ ሦስት ሜትር ተኩል አደረሰው። ትናንት ባለጎማውን የስፌት ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩበትና ሞከርኩት። ሬዲዮ እየገፋችኝ፣ ሁለታችንም እየሳቅን፣ ሳሎን ድረስ ገባሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልሠራም ብሎኛል፤ የመያዣ ብረቱን። ግድግዳውን አጠንክሮ ሞልቶታል፣ አዲሱ ብረትም ተገዝቶ ማዕዘን ላይ ቆሟል። «እጇ የት እንደሚደርስ ሳላይ አልበሳም» ይላል። «መጥታ ትቀመጥና በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ።» ቁመትሽን ነገርኩት፣ በእኔ ክንድ ለካ አልኩት፣ ለመንኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ጋሽ ቱንቢን ቢያዩት ሦስተኛ ያደርጉት ነበር።

ስለዚህ አትፈርሚ። የዚያ መኖሪያ ሰዎች መልካም ይሆናሉ፣ አላማቸውም። ግን ቤትሽ አያስገባኝም ብለሽ ከሆነ፣ አሁን ያስገባሻል። ሸክም እሆናለሁ ብለሽ ከሆነ ደግሞ፣ እኔ ያለ አንቺ ስሆን ምን እንደማደርግ ይኸው አየሽ፤ ግድግዳ አፈርሳለሁ። መጥተሽ ሞክሪው። ካልተመቸሽ ራሴ መልሼ አደርስሻለሁ፤ ይህንን ግን ሳትሞክሪው ልተውልሽ አልችልም።

አምላክ ክንድሽን ያበርታልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልብሽን ወደ ቤትሽ ይመልስልኝ።

መሐላዬን አፍርሻለሁና ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው። ግን በስልክ አልሰማሽም፣ በደብዳቤም አላነብልሽም። በዚህ በር ገብተሽ፣ ፊት ለፊቴ ሆነሽ ተቆጪኝ።

እናትሽ