የቮልሷ ቀኝ ጎን

ጥር 14 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ቮልሷን አጠብኩ። ምንም ለውጥ የለም። የጣሪያው ቀለም እንደ አመድ እየተነሳ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ሃያ ዓመት ሙሉ የአርባ ምንጭ ፀሐይ። ስገዛት ሰማያዊ ነበረች፤ የዛሬ ቀለሟን ምን እንደሚሉት እንጃ። ኮፈኗ ላይ ዝገት ብቅ ብሏል። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ፤ ጂኦግራፊ ማስተማር ቀረና መኪና አጣቢ ሆንኩ።

ባለቤቴ ጥሩነሽ በረንዳ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ወይ አስቀባት፣ ወይ ተዋት አለችኝ። ጤና ጣቢያ ላድርስሽ አልኳት። እምቢ። ከገና ወዲህ በእግሯ ነው የምትሄደው። እግሬን ማንቀሳቀስ አለብኝ ትላለች። ነርስ ናት፣ ታውቃለች። እሺ ብያለሁ።

ጥር 17፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ወደ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ወረድኩ። ሰለሞን ጋ። የዛሬ ስምንት ዓመት ተማሪዬ ነበር፣ አሁን የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሠራል። አዲስ አበባ ደርሶ የሚለጠፍ ፕላስቲክ በጥቅል በጥቅል አምጥቷል። የሱቅና የፋርማሲ ስም የሚቆርጥበት ነው። ሐሳብ አለው፦ መኪናዋን በሙሉ ያለብሳታል። በሳሙና ውሃ ይለጥፋል፣ በፀጉር ማድረቂያ ያሞቃል፣ በላስቲክ እየጠረገ አየሩን ያስወጣል። ሁለት ቀን ብቻ። መፋቅ የለም፣ መቀጥቀጥ የለም። ሰልችቶኝ ሌላ ቀለም ብፈልግ ይላጣል።

አንድ የሥራ መኪና በር ላይ የሠራውን አሳየኝ። እጄን ሰደድኩበት። ልስልስ ያለ። ጭረቱስ አልኩት። ጋሼ፣ ከላዩ እለጥፍበታለሁ፣ ማንም አያየውም አለኝ።

ደስ አለኝ። ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለኝ መንገድ ላይ ሳስበው ነበር። አንተ ደብተር፣ ብታውቀውም ዝም በል።

ጥር 18፣ ቀትር

ጋሽ ጴጥሮስ ጋ ሄድኩ፣ ለማነጻጸር ያህል። የጨንቻ ሰው ነው፤ ሲቀላ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጥና መኪና ሲቀባ የኖረ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። አማርኛው ላይ የጋሞው ዜማ አለ፣ ወድጄዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለኝ። መጀመሪያ አሮጌውን ቀለም ይፍቃል። ዝገቱን ይቆርጣል፣ ጎድጓዳውን ያወጣል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ይሞርዳል፣ ከዚያ ዝገት የሚከላከለው አንቲሩጂን፣ ከዚያ ቀለሙ። ስለ ፕላስቲኩ ጠየቅኩት። አልሰደበውም። ልጁ ሥራው ንጹሕ ነው አለ። ግን ከሥር ያለው ከሥር ነው፣ ዝገት ሲሸፈን አይተኛም።

በዋጋ እምብዛም አይራራቁም። ልዩነቱ ጊዜው ነው። ደግሞ ሌላም።

ጥር 19

ለፕላስቲኩ፦ ሁለት ቀን። ፀሐይ ይከላከላል። ይላጣል። አይፋቅም።
ለቀለሙ፦ ይበረክታል። ዝገቱን ያድናል። ግን ሁሉንም ገላልጦ ያያል።

ይህን የመጨረሻውን መልሼ አነበብኩት። ከጥቅሙ ልጻፈው ወይስ ከጉዳቱ?

ሰለሞን ኮፈኑ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ለሙከራ ለጠፈልኝ። ፀሐይ ላይ አቆምኳት።

ጥር 21፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ቁራጯ ምንም አልሆነችም። ጠርዟ አልተነሣም፣ አላበጠችም። ፕላስቲኩ ጥፋት የለበትም ማለት ነው። ልጁ ያለውን ነው ያደረገው።

ከሰዓት 9 ሰዓት

ከጋሽ ጴ. መመለሴ ነው።

ለመሰናበት ነበር የሄድኩት፣ በፕላስቲክ ላሠራ ነው ልለው። ሰማኝና ሁለት የቆርቆሮ ክዳን አወጣ፤ ቀለም የተነከሩ። ለማንኛውም የቱን ትወዳለህ አለኝ። አየሁ። ጴጥሮስ፣ አንድ ዓይነት እኮ ናቸው አልኩት። ክዳኖቹን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አንዱ ውሃ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ ነው ጋሼ አለኝ።

ከዚያ መኪናዋን ዞራት። በቀኝ በኩል። የፊት ፓራፋንጎ፣ በር፣ የኋላ ፓራፋንጎ፣ እንደገና በር። ጭረቶቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ሰባት። ወደ ግራ ዞረ። አንድም የለም። እኔ ለሁሉም የግቢው በር ነው ስል ከርሜአለሁ። በር ሲሆን ከፍታው አንድ ይሆናል አለኝ። ይኼ አጥር ነው፣ ይኼ ድንጋይ ነው፣ ይኼ ደግሞ እንጨት ነው።

እንጨት ሲል አዲሱን ስፖኪዮ በመዳፌ ሸፈንኩት።

አላፈጠጠብኝም። መሬት መሬቱን እያየ፣ ጋሼ፣ የቀኝ ዓይንህን ሰው አይቶልሃል ወይ አለኝ።

ጥር 22

ለአንተም አልነገርኩህም ነበር። አሁን ልጻፈው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከጫካው ወደ ላይ ይወጡ ነበር። በግራ በኩል ያሉትን አየሁ። በቀኝ በኩል ማንም አልነበረም፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ከዚያ ድምፅ። ስፖኪዮው ተሰበረ። ስዞር አንዲት ሴት ከእነሸክሟ ተሽከርክራ ቦይ ውስጥ ወድቃለች። የእንጨቱ ጫፍ ነው የያዘኝ። ከእሷ የሚለየኝ የክንድ ርዝመት እንኳ አልነበረም።

ቆምኩ። ሳልወርድ ተነሣች። ጓደኞቿ ሸክሟን አነሡላት። እጄን በመስኮት አወጣሁ፣ ደህና ነሽ ወይ አልኩ። አየችኝ። ሄድኩ።

ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ልጆች ፊት ቆሜ የኖርኩ ሰው።

ስፖኪዮውን በማግስቱ አስቀየርኩ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ትቼዋለሁ? አልተውኩም። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው እያልኩ። የአንተን ገጽ ወደ ኋላ ገለጥኩት። የዛሬ ዓመት በአንድ ገጽ ሃያ አምስት መስመር እጽፍ ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ። ፊደሌ ሲያድግ አላየሁትም።

ፕላስቲኩን ለምን እንደወደድኩት አሁን ገባኝ። ሰባቱን ጭረት ማንም ሳያነበው ሊሸፍንልኝ ነው።

ጥር 24፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

ለጋሽ ጴ. ነገርኩት። ሴቶቹን ያውቃቸዋል፤ በእሱ ደጅ ነው የሚያልፉት። ጠይቆ አገኛት። ማሬ ትባላለች። ቤቷ ዳገቱ ሥር ነው። አብሮኝ ሄደ፣ በእግር።

በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችን። አርባ ዓመት ይሆናታል። አወቀችኝ። ጋሽ ጴ. በጋሞኛ ብዙ ተናገረ። ከእኔ በላይ አሳምሮ እንደተናገረልኝ ጠረጠርኩ። አቋረጥኩት፤ በአማርኛ፣ አጥፍቻለሁ፣ ወርጄ ማንሣት ነበረብኝ፣ ፈርቼ ሄድኩ አልኳት። ክርኗን ገልጣ አሳየችኝ። ጠባሳው እስካሁን አልጠፋም። ሁለት ሳምንት አልተሸከምኩም አለችኝ።

ከዚያ በአማርኛ፣ ያለ አንቱታ፣ ፊት ለፊት፦

«አንተ፣ ዓይን እምቢ ካለ ለምን ትነዳለህ?»

ከሚስቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ጥያቄ ዙሪያውን ይዞራል። እሷ አንድ ጊዜ አይታኝ ጠየቀችኝ።

«እንግዲህ አልነዳም» አልኳት።

«ደግ» አለች። ግቡ አለችን። ገባን። ትኩስ ጎደሬ አቀረበች። የተቀመጥኩት ከበሩ ፊት ነበር፤ የማላይበትን ቀኝ ጎኔን ለግድግዳው ሰጥቼ። ስንወጣ ካሳ ብዬ ኪሴ ገባሁ። ጋሽ ጴ. እጄን ያዘኝ፤ ዛሬ አይደለም፣ ሽማግሌ ይዘን እንመለሳለን፣ በወጉ ይሁን አለ።

ያው ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት

ለጥሩነሽ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ቦዩን፣ ስፖኪዮውን፣ ክዳኖቹን። እራት አቅርባ ነበር፣ ሁለታችንም አልነካነውም።

ታውቅ ነበር። በገና ሰሞን መኪናዋን ስታይ ከስፖኪዮው ሥር የእንጨት ቅርፊት ተሰክቶ አገኘች። ነቅላ ጣለችው። ምን ነክቶ ይሆን ብላ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣች። ከዚያ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ለምን አልነገርሽኝም አልኩ፣ ድምፄም ከፍ አለ። ሦስት ጊዜ ዓይንህን እንየው ብዬህ ሦስቴም ተቆጥተሃል አለችኝ። እውነት ነው። ሦስቱንም አስታወስኩ።

ከዚያ አለቀሰች። አሁን ከምታለቅሺ ያን ጊዜ ለምን አላለቀስሽም ልል ነበር፤ ተውኩት። የቀኝ ዓይኔን በባትሪ አየችው። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለች፤ ግን እሷም ነርስ እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለችም።

ጥር 26

ሰለሞን ጋ ሄጄ እንደተውኩት ነገርኩት። ምክንያቱንም። ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ። የሙከራዋን ቁራጭ በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ራሱ ላጣት፤ ምንም ምልክት አልተወችም። ጥሩ ሥራ ነው አልኩት፣ ከልቤ። ለሌላ ሰው ይሆናል።

ቮልሷን ጋሽ ጴ. ራሱ እየነዳ ወሰዳት። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። በቀኝ በኩል የሚወጡትን ሴቶች አንድ በአንድ ጮክ ብዬ ቆጠርኩለት፤ የማየውን ያህል። አንዷን ዘለልኩ። እሱ ጨመራት።

የካቲት 15፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ሚኒባስ ይዘን ጥሩነሽና እኔ ጋሽ ጴ. ጋ ወረድን። ተፍቃ፣ ተቀጥቅጣ፣ ስቱኮ ለብሳ አልቃለች። ሰባቱም የሉም። ቀለሙ ነገ ጠዋት ይነፋል። የመረጠችው ጥሩነሽ ናት። የቱን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ነገ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ዓይን ሐኪም ጋ። አውቶቡሱ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሣል። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ለጥሩነሽ ሰጠኋት፤ ሐኪሙ ይችላል ካላለ እንዳትመልሺልኝ አልኳት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረች። መንዳት እኔ እማራለሁ አለች። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ልጅ ማዋለድ አላቃተኝም፣ ይኼ አያቅተኝም።

ጋሽ ጴ. ሳቀና በሩን ከፈተላት። መሪው ጋ ተቀመጠች። እኔ በቀኝ በኩል ገባሁ። መስኮቱ ሁሉ ለቀለሙ ሲባል በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ የፊቱም የኋላውም። እሷም እኔም ውጪውን አናይም። እግሯን ፔዳሉ ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እንደገና አስቀመጠች።

ይኼኛው ፍሪሲዮን ነው አልኳት። እስከ መጨረሻው ርገጪ፣ ከዚያ አንደኛ ማርሽ። እጄን እጇ ላይ አድርጌ ወደ ፊት ገፋሁት። ገባ።

አሁን ሁለተኛ፣ አለችኝ።