በመዝገብ ጤነኛ ስለሆነችው ሞተሬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ዘወትር ጠዋት ያለ አንዳች ማንገራገር ለሚነሳው የቢሮ መኪናዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ መኪና በማይገባባቸው ሰፈሮች በሞተር ሳይክል እየዞርኩ የማዋልድ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና በፖስታ ታሽጎ የሚቀር ስላልሆነ ነው።

፩. ባለፈው ዓመት ጋራዡን ዘግተው፣ የሞተርን በሽታ በድምፁ ብቻ የሚለዩትን፣ እኛም «ጋሽ ጆሮ» የምንላቸውን መካኒክ በጡረታ አሰናብተው፣ በምትካቸው ለእያንዳንዳችን አንድ ገመድና አንድ የምርመራ ሶፍትዌር ስላደሉን ከልብ እናመሰግናለን። ሠራተኛው ሞተሩን ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ይመርምር ማለትዎ ታላቅ አርቆ አሳቢነት ነው። ለወላዶቼም አንድ አንድ ገመድ ቢያድሉልኝ እኔም በጊዜ ጡረታ በወጣሁ ነበር።

፪. ሞተሬ አልነሳም ያለችኝ ዕለት በመመሪያዎ መሠረት ሳሎን አስገብቼ፣ ምንጣፉን ጠቅልዬ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ ከመቀመጫዋ ሥር፣ ሌላውን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። ላፕቶፑ ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ የብልሽት ቁጥር አወጣ፤ ትርጉሙን ለማየት ግን የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ከሥሩ «ብልሽቶችን አጽዳ» የሚል ምልክት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም፤ መድኃኒቱ መስሎኝ ነካሁት። የጸዳው ቁጥሩ ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩም «ምንም ብልሽት የለም» ብሎ ወዲያው ለቢሮዎ ሪፖርት ላከ፤ እርስዎም በማግስቱ፣ ሞተሯን በቤቷ የጠገነች የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ብለው የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ሞተሬ ያኔም እዚያው ሳሎን ውስጥ ቆማ ነበር።

፫. ጋሽ ጆሮ ማንም ሳይከፍላቸው መጡ። ቁልፉን አስዞሩኝና ጆሯቸውን የነዳጅ ታንከሯ ላይ ለጥፈው ጥቂት እንዳዳመጡ፣ «ልጄ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሞቷል፤ ጭጭ ነው ያለው። አዲስ አምጪልኝ እንጂ ሻይሽ ሳይበርድ እጨርስልሻለሁ» አሉኝ። አዲሱ ፓምፕ በዘጉት ጋራዥ መጋዘን ውስጥ፣ በመስኮት በሚታይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መጋዘን ጠባቂዎ ግን ዕቃ የሚወጣው ለተበላሸ ሞተር ነው፣ የአንቺ በመዝገብ ጤነኛ ናት ብሎ መለሰኝ። አምስት ጊዜ አመለከትኩ፤ አምስቱንም ጊዜ በሞተሬ ጤንነት እንኳን ደስ አለሽ ተባልኩ።

፬. ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከምከታተላቸው እናቶች አንዷን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ምጥ ያዛት። ሦስት ጊዜ ካስወረዳት በኋላ ይህኛውን ሙሉ ዘጠኝ ወር የተሸከመች ሴት ናት። ባሏ ሲደውልልኝ ቦርሳዬን አንስቼ ሮጥኩ። በሞተር ሃያ ደቂቃ የሚሆነው መንገድ በእግር ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ስደርስ ልጁ ተወልዶ ነበር፤ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሳያለቅስ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ኖሬያለሁና አውቀዋለሁ፤ እሱን መፍታት ለለመደ እጅ የአፍታ ሥራ ነበር። እናቱ ለምን ዘገየሽ አላለችኝም። «ውኃ ስጧት፣ ደክሟታል» ነው ያለችው። እዚህ ላይ የማክለው ቀልድ ስላጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ትናንት ደግሞ ጤነኛ ሞተር እያለሽ ለምን በእግር ሄድሽ የሚል የማብራሪያ መጠየቂያ ከቢሮዎ ደርሶኛል። ማብራሪያዬ ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን መጮኼ ለዚያ ልጅ እንደማይጠቅመው አላጣሁትም።

ጤናና ረጅም የሥልጣን ዘመን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ፤
እግረኛዋ አዋላጅ

ግልባጭ፦ ጉዳዩ አይመለከተንም ላሉ ክፍሎች በሙሉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት እናቶች ይወልዳሉ፤ አንዷ ከወንዙ ማዶ፣ ሌላዋ ከኮረብታው ጀርባ። ቀኑ ከገጠመ በእግሬ የምደርሰው ለአንዷ ብቻ ነው። የትኛዋ እንደሆነች እርስዎ ይምረጡልኝና በፊርማዎና በማኅተምዎ አረጋግጠው ይላኩልኝ፤ ለሌላዋ ውሳኔዎን እኔው አነብላታለሁ።