ስለ ሦስተኛው መስኮት፣ ለእድሳት ኮሚቴው ሊቀመንበር

ባሕር ዳር
ጥቅምት 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ አካሉ
የድሮው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ እድሳት ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ኖረው አያውቁም ስለተባሉ ሰባት መስኮቶች

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፤

«ክቡር» የሚለው ቃል ከቀረ ዓመታት እንዳለፉ አላጣሁትም፤ ነገር ግን «ጓድ» ብቻ ብዬ ብጽፍልዎ የምንተዋወቅ ስለሚመስል ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጌ ጻፍሁልዎ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ይልቁንም ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። ዓይንዎን ለይቼ የመረቅሁት ያለ ምክንያት አለመሆኑን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ሕመሙም የመጣው በእርስዎ ሕንፃ ወለል ላይ ተንበርክኬ ስወለውል ስለሆነ፣ ቅርስ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ስሜ ፅጌ ማርያም ነው። ግሽ አባይ የምኖር፣ የግንበኛው የገብረ ኪዳን ሚስት የነበርሁ ሴት ነኝ፤ እሱ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት በጽዳት ሠርቼ አምና በጡረታ ተሰናብቻለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በየቢሮው በር ላይ ከተጻፈው ነው፤ «መዝገብ ቤት»ን በመጥረጊያ፣ «ሒሳብ ክፍል»ን በመወልወያ ተማርሁ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ተለጥፎ ሳላነብ ያለፍሁት ወረቀት የለም። ባለፈው ሰኞ በዋናው በር ላይ ያስለጠፉትንም መግለጫ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

መግለጫው ሕንፃው ታድሶ የባህል አዳራሽና የእንግዳ መቀበያ እንደሚሆን ከነገረን በኋላ እንዲህ ይላል፦ «በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት አልባ ወጥ ግድግዳ የጥንት ግንበኞች የጣናን ነፋስ ለመከላከል የተጠቀሙበት ድንቅ ጥበብ ስለሆነ ባለበት ሁኔታ ይጠበቃል፤ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮም በሲሚንቶ ተለስኖ ነጭ ቀለም ይቀባል።» ከሥሩም አስተያየት ያለው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተጋብዟል። እኔም ግብዣውን አክብሬ መጥቻለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ልስኑ እንዲቀርና፣ በሐይቁ በኩል ቆመው ሲያዩት ከግራ ሦስተኛው መስኮት እንዲከፈት ነው። ስድስቱን ጊዜ ሲያገኙ ይደርሱባቸዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንኑ ለማስረዳት የተጻፈ ስለሆነ፣ ሥራ የበዛብዎ እንደሆነ እዚህ ላይ አቁመው ግንበኛ ሊያስጠሩ ይችላሉ።

አንደኛ፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በ1949 ዓ.ም. ሕንፃው ሲሠራ ለባሌ ምሳ ይዤለት ስሄድ፣ ቅስቱን የሚቆልፈውን የመጨረሻውን ድንጋይ ትንፋሹን ውጦ ሲያስገባ ሰባት ጊዜ ያየሁት መስሎኝ ነበር። ገብረ ኪዳን እንፍራንዝ ተወልዶ ከጉዛራ ግንብ አጠገብ ያደገ ሰው ስለነበር፣ ቅስት ሲያይ ዘመድ ያገኘ ያህል ፊቱ ይበራ ነበር። እነዚያን መስኮቶች ለምን እንዲህ እንዳሰፋቸው ሲጠየቅ፣ ባለጉዳይ ወረፋ ሲጠብቅ ሐይቁን ቢያይ ሹሙ ላይ ያለው ንዴት ይበርድለታል ይል ነበር። አሁን ከመግለጫዎ እንደተረዳሁት ግን ባሌ የሠራው ወጥ ግድግዳ ነው፤ እኔም ምሳውን ያደረስሁት ለሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሕንፃ «ጥንት» ከተባለ፣ እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነውና የት ክፍል እንደምመደብ ኮሚቴው ቢያሳውቀኝ ደስ ይለኛል። ስለ ነፋሱም ቢሆን፣ በባሕር ዳር ሙቀት ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ለመከላከል ድንጋይ የደረደረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁላችንም በርና መስኮት የምንከፍትለት ነበርን። ባለፈው ሳምንት እንግዶች ሲያስጎበኙ ግድግዳውን በመዳፍዎ መታ መታ አድርገው «አያችሁ የአባቶቻችንን ጥበብ!» ሲሉ እኔ ከአጥሩ ሥር ነበርሁ። ከጡቡ መሐል ጭቃ ተራግፎ ኮትዎ ላይ ሲወድቅም አይቻለሁ። እርስዎ አራገፉት፤ ወደዚያ ጭቃ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፤ የሕንፃውን ታሪክ ስላሳጠሩልን አመሰግናለሁ። መግለጫው ሕንፃው መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት እንደነበር ይናገርና፣ «ከ1969 እስከ 1971 ዓ.ም. ለልዩ ልዩ አገልግሎት ውሏል» ብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። ቀጥሎ የእህል መጋዘን በሆነበት ጊዜ የገባውን በቆሎና ማሽላ ሳይቀር በዝርዝር ጽፎታል። የማሽላው ስም መነሣቱ ደስ ብሎኛል። በልዩ ልዩ አገልግሎቱ ዘመን ወለሉን የጠረግሁት እኔ ስለሆንሁ ግን በጎደለው ላግዝዎ። የላይኛው አዳራሽ እስር ቤት ነበር። ከልዩ ልዩ አገልግሎቶቹ አንዱ ዓብደላ ይባላል፤ የሃያ ሦስት ዓመት የሒሳብ መምህር ነበር፤ ስጠርግ እግሩን ሰብስቦ «ይቅርታ እትዬ፣ አደከምንዎት» የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። እናቱ ዘይነት ጎረቤቴ ናት።

ጠያቂ በበሩ አይገባም ነበርና እናቶች በሐይቁ መጡ። ደንገል አጫጅ መስለው በታንኳ በመስኮቶቹ ፊት ለፊት ያልፋሉ፤ ቀና ብለው አያዩም፤ አይጣሩም። ዘይነት ከሦስተኛው መስኮት ትይዩ ስትደርስ ቀይ ሻሽ ከጉያዋ አውጥታ ውኃ ውስጥ ትነክርና ትጨምቀዋለች። ዓብደላ መስኮቱ ላይ ቆሞ ታንኳዋ እስክትርቅ ያያታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ሁለት ወር ያህል በየዓርቡ እንዲህ ሲተያዩ ከረሙ።

ሦስተኛ፤ ይህኛው አቤቱታ በራሴ ላይ የቀረበ ነው፤ ሌላ የሚቀርብለት ቢሮ ስለጠፋ ከእርስዎ ጋር አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን የዋንዛውን ደረጃ ስወለውል የጥበቃው ኃላፊ አጠገቤ ቆመ። ትሑት ሰው ነበር። «እትዬ ፅጌ፣ መቼም እርስዎ የማያውቁት ነገር የለም፤ እዚህ ዳር ደንገል ሳይበቅል እነዚያ ሴቶች የሚያጭዱት ምንድን ነው?» አለኝ። አልተቆጣኝም፤ አላስፈራራኝም። በዚያ ዓመት ማንበብ ጀምሬ ስለነበር አዋቂ መባል አማረኝ። «ኧረ ምን ደንገል አለና! ልጆቻቸውን ሊያዩ ነው እንጂ፤ የዘይነት ልጅማ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነው የሚቆመው» አልሁት። እንዲያውም ሳቅሁ። በማግሥቱ ጡብ የጫነ መኪና መጣ። ዘይነት የሚቀጥለው ዓርብ ሻሿን ነክራ ለግድግዳ ጨመቀችለት። ከዚያ ወዲህ ዓብደላን ያየው ሰው የለም። ሞተ ብሎ የነገራትም የለም፤ ስለዚህ ዘይነት እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

መስኮቶቹን እንዲደፍን የታዘዘው የሠራቸው ሰው ነበር። ገብረ ኪዳን ለምሳ ሲመጣ እጁን ሳይታጠብ ተቀምጦ «ማን ነው የነገራቸው?» አለኝ። ምስር እየለቀምሁ ነበር፤ ከሰፌዱ ቀና ሳልል «እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አልሁት። ከዚህ መልስ ጋር ሦስት ዓመት ኖሮ ሞተ።

አሁን ወደ ጭቃው ልመለስ። ባሌ ያንን ጡብ በሲሚንቶ አልገነባውም፤ በጭቃ ገንብቶ ፊቱን ብቻ ኖራ ቀባው። ከድንጋዩ ጠርዝ ጋርም አላሰረውም፤ ከቅስቱ በታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ በጭቃ ጠቀጠቀው። ግንበኛ እንዲህ የሚሠራው ሊፈርስ የሚገባውን ነገር ሲሠራ ነው። ሕመሙ ሲጠናበት «የሚከፍተው ሰው ሲመጣ ከላይ ይጀምር በዪው፤ ቅስቱ አይነካም» ብሎኛል። ስለዚህ ለኮሚቴው መሐንዲሶች አንድ መሮ፣ አንድ መዶሻና ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። ክቡርነትዎ በግድግዳው ውስጥ ድንቅ ጥበብ አለ ማለትዎ እውነት ነው፤ የተሳሳቱት ጥበቡ ለምን እንደሆነ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ልስኑ። ዘይነት ዛሬም ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች። ታንኳ ላይ ለመውጣት ጉልበቷ ስለማይችል ዳሩ ላይ ቆማ ወደ ሕንፃው ትዞራለች። ጡቡ ከጥቁሩ ድንጋይ በቀለም ስለሚለይ ከግራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ትቆጥርና ሦስተኛው ፊት ለፊት ትቆማለች። ሌላ ሰው መቃብር አለው፤ እሷ ያላት ይህ የጡብ ቀለም ነው። ኅዳር 1 ቀን ሲሚንቶው ሲያርፍበት ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል፤ ዘይነትም ከየት ጀምራ እንደምትቆጥር አታውቅም። አንድን ነገር ባለበት እየጠበቁ በላዩ ላይ ሲሚንቶ መለሰን እንዴት እንደሚቻል፣ በሃያ አንድ ዓመት የጽዳት ሥራዬ አልደረስሁበትም።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ግድግዳው ላይ ሊሰቀል ስለታዘዘው የእብነ በረድ ሰሌዳ። «የዚህ ግድግዳ ጠቢብ ስሙ አልታወቀም» ተብሎ እንደሚቀረጽ ተጽፏል። ኮሚቴው ስም በመፈለግ እንዳይደክም ስሙን ይዤ ቀርቤያለሁ። መስኮቶቹን የሠራው ግንበኛ ገብረ ኪዳን ነው። እናቶቹን ያለ መስኮት ያስቀራቸው ሰው ስም ደግሞ ፅጌ ማርያም ይባላል። ልስኑ እንዲቀር ከተወሰነ የባሌን ስም ያስቀርጹልኝ። ልስኑ የማይቀር ከሆነ ግን የእኔን ስም በትልቁ ያስቀርጹ፤ ግድግዳው ያን ጊዜ የእኔ ሥራ ነውና። ፊደሉ እንዳይሳሳት መጥቼ ለቀራጮቹ አነብላቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ከማምጣቴ በፊት ዛሬ ጠዋት ለዘይነት አነበብሁላት። ሦስተኛው አቤቱታ ላይ ስደርስ ስላቋረጥሁ ከመጀመሪያው መድገም ነበረብኝ፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሰማችው። አሥራ አንድ ዓመት እሳት የተጫጫርን፣ ስታመም ሾርባ ያመጣችልኝ ሴት ናት። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «አንቺ ፅጌ፣ መጀመሪያ መስኮቱን አስከፍቺ። ከአንቺ ጋር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብላኝ ሄደች። ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ለመስማት ግን ዝግጁ ነኝ። እንግዲህ የእኔ ቀጠሮ የተያዘው በእርስዎ መሮ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እታሰር እንደሆነ አላስቸግርም፤ ሕንፃውን ከነጓዳው ስለማውቀው የሚያሳየኝ ሰው አያስፈልግም። ብቻ በሐይቁ በኩል ያለውን ክፍል ይስጡኝ። ነፋስ እንደማይገባበት በመግለጫዎ አንብቤያለሁ።

ማዘጋጃ ቤት ሲሆንም፣ መጋዘን ሲሆንም፣ ሌላም ሌላም ሲሆን የማንንም ሹም ዱካ ሳላበላልጥ የጠረግሁ፣ ወደፊትም ባህል ሲሆን በሩ ላይ የሚለጠፈውን ለማንበብ በዕድሜ እንዲያቆየኝ የምለምን፣ የክቡርነትዎን ዓይን ከማንም አብልጬ የምመርቅ፣

ፅጌ ማርያም
የግንበኛ ገብረ ኪዳን ሚስት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘይነት (በቃል ተነቧል)
ለዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ (ከመግለጫዎ ጎን ተለጥፏል)

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የመስኮቶቹ መዝጊያዎች ወዴት እንደገቡ ኮሚቴው ሊጠይቅ ይችላል። የደህና ዋንዛ እንጨት ስለነበሩ አልተጣሉም፤ አናጢ ተጠርቶ የቢሮ ጠረጴዛ አደረጋቸው። የሦስተኛው መስኮት መዝጊያ አሁን ይህን ደብዳቤ ያስቀመጡበት ጠረጴዛ ነው፤ አሥር ዓመት የወለወልሁት ስለሆነ አልሳሳትም። ከተጠራጠሩ ወንበርዎን ሳብ አድርገው ጠርዙን ከሥሩ ይዳስሱት፤ የማጠፊያው ጉድጓድ ጣትዎን ይቀበለዋል። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ ጊዜ ክርንዎን መስኮት ላይ አሳርፈው ኖረዋል፤ የቀረዎት ወደ ውጭ ማየት ብቻ ነው።