ሳል ያለበት አይግባ

ለልጆቼ አባት፣ ለሽፈራዬ፤

ከተለየኸን ሁለተኛው መስቀል አለፈ። እኛ ደኅና ነን። ክረምቱ የጓሮውን ካብ ንዶት ነበር፤ ልጆቹ መልሰው ካቡት። ትልቋ ልጃችን ሴት ወልዳለች። ግንባሯ ያንተው ነው።

ዛሬ ልጽፍልህ የተነሣሁት በወንድምህ በጋሽ አሰፋ ነገር ነው።

ሐኪሙ ሕመምህ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር መሆኑን የነገረን ዕለት ትዝ ይልሃል? ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች አንተ ዘንድ ከልክ በላይ በዝተዋል፤ መከላከሉን ግን አልቻሉበትም፤ ተራ ጉንፋን እንኳ ሊጥልህ ይችላል አለን። ወደ ዘመሮ ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ "ዘበኛው ሞልቷል፣ ሌባ የሚይዝ ግን የለም በይኛ!" ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። መድኃኒትህን በሰዓቱ ከመስጠት ሌላ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳል ያለበት ሰው ቤታችን እንዳይገባ ማድረግ።

የታመመ ሊጠይቅ የመጣን ሰው መመለስ በአገራችን ነውር ነው። ጋሽ አሰፋ ከራቤል ድረስ በበቅሎ መጡ፤ ይስላሉ። በሩ ላይ ቆሜ፣ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬ አይገቡም" አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። "በወንድሜ ቤት ከደጅ ልቁም?" አሉ። አንተ ጋቢህን ደርበህ ወጣህና ፀሐይ ላይ ተቀመጥህ፤ እሳቸው ከአጥሩ ውጪ ሆነው፣ ስለ ገብሱና ስለ በጎቹ እየተጯጯሃችሁ ዋላችሁ። ሲሄዱ ግን እኔን አልተሰናበቱኝም። መንደሩም "ባሏን ከሰው ለየችው" አለኝ። እኔም ቻልኩት፤ በሩንም አልለቀቅሁም።

ሦስት ክረምት በእግርህ ቆመህ ተሻገርህ። በአራተኛው የሳንባ ምች ቀደመን።

በሙት ዓመትህ ዕለት ጋሽ አሰፋ ከድንኳኑ መካከል ብድግ አሉ። "ይህች ሴት ያን ቀን ባትመልሰኝ ኖሮ ወንድሜን ያኔ በቀበርኩት ነበር" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አሁን በመንደራችን እንዳንተው የታመመች አንዲት ጎረቤት አለች። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ማንም ሳይነግረው ከውጪ ሆኖ "እግዜር ይማርሽ" ብሏት ይመለሳል።

የልጅ ልጅህ ነፍስ ስታውቅ ስለ አንተ የምነግራት እኔ ነኝ። አያትሽ ታሞ ሳለ አርሶ ያጨደ፣ ልጁን የዳረ ሰው ነው እላታለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አንተን በሞትህ ብቻ የሚያስታውስህ ሰው በዚህ ቤት አይኖርም።

ባለቤትህ ዘነበች