ለአባዬ፣ ስለ አየርላንዳዊው ሹም መጨረሻ

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። እማዬ ደህና ናት። መኪናህን መንዳት ጀምራለች፤ ዳር ዳሩን ይዛ፣ ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋባት፣ ዩለስ ከተማ እስካለው ቤተ ክርስቲያናችን ድረስ ትሄዳለች። ወንበሩን ግን ወደ ፊት አላስጠጋም ብላ፣ አንተ እንደተውከው፣ ከጀርባዋ ትራስ አድርጋ ነው የምትነዳው። ብነግራት ብነግራት አልሰማ አለችኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሹሙ ነው። የዶክትሬት ጥናቴን ስለ እሱ ስጀምር ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ለንደን ፓርላማ የገባ አየርላንዳዊ፣ ኋላም እንግሊዞች አገረ ገዥ አድርገው ከአንዱ ቅኝ ግዛት ወደ ሌላው ያዞሩት ሰው፣ ለሐበሻ ልጅ ምኗ ነው ተባለ። አንተ ብቻ ስሙ አልያዝ ሲልህ «ሹሙ» ብለህ ተቀበልከው። ኤርፖርት መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል ስታመላልስ ቆይተህ፣ በምሳ ብሬክህ ትደውልና፣ ሳንድዊችህን እያላመጥክ፣ ሹሙ ዛሬ የት ደረሰ ትለኝ ነበር። ከእንግሊዝ ነጋዴዎች ይልቅ ለአገሬው ሰው ወግኖ እንደተከሰሰ ስነግርህ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለህ ሳቅክ። ከዚያ ደግሞ፣ የገዛ አገሩ በሰው እጅ ሆኖ የሰው አገር ሊገዛ ሲሄድ እንቅልፍ ይወስደው ነበር ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ሦስት ዓመት ላይብረሪ ተቀምጬ ያልመጣልኝ ጥያቄ! ጥናቴ በሙሉ በዚያ ጥያቄ ላይ ተመሠረተ።

አንተ ስትሄድ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ለማን ብዬ ልጨርሰው? በቀብርህ ማግስት ለፕሮፌሰሬ ማቋረጤን የሚገልጽ ኢሜይል ጻፍኩ፤ መላኩ ብቻ ነበር የቀረኝ።

በሠልስትህ ዕለት የሥራ ጓደኞችህ ከሺፍት በቀጥታ፣ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ እንደለበሱ መጡ። ሐበሻው፣ ሜክሲካዊው፣ ኔፓላዊው። ንፍሮ ቀመሱ። ከዚያ ከመካከላቸው ጋሽ ታዬ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ልጄ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ያ ሹም በመጨረሻ ተሻረ ወይስ ነጻ ወጣ አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ የነገርኩህን ሁሉ ለእነሱ ስታወራ ኖረሃል! ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁኛል።

ምን ላድርግ፣ ነገርኳቸው። እንባዬን እየጠረግኩ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ፤ ከሥራው እንደታገደ፣ ተከራክሮ እንደተመለሰ፣ አርጅቶ አገሩ ገብቶ እንደገና ለፓርላማ እንደተመረጠና ብዙም ሳይቆይ እንዳረፈ። ሜክሲካዊው አማተበ። ጋሽ ታዬ «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚያን ዕለት ኢሜይሉን አጠፋሁት።

ምዕራፉን ልክ ለእነሱ እንዳወራሁት አድርጌ ጻፍኩት። ባለፈው ሳምንት ዲፌንሱን፣ በፈታኞች ፊት ጥናቴን ተከራክሬ፣ አለፍኩ። ዶክተር ሆኜልሃለሁ፣ አባዬ። ፕሮፌሰሬ ከሁሉም የወደደችው እሱን ምዕራፍ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጥያቄህም፣ ወሬ ስላለመደበቅህም።

ትናንት የጥናቴን ጥራዝ ይዤ በምሳ ሰዓት ወደ ሥራ ጓደኞችህ ሄድኩ። ቀጥሎ የማንን ሕይወት ነው የምትጽፊው አሉኝ። የአባቴን አልኳቸው። ጋሽ ታዬ ምሳቸውን አስቀምጠው ስለ አንተ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ጀመሩልኝ፤ ሳይጨርሱት ብሬኩ አለቀ። ነገም እሄዳለሁ። እስኪጨርሱልኝ ድረስ እየሄድኩ እሰማለሁ።

ልጅህ