ከጣሪያው በታች ያለ ቦታ

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ማርች 9 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኤመት፣

እናንተ ፊኒክስ ላይ በካናቴራ ስትሄዱ እኛ ገና በረዶ እየዛቅን ነው። እኔም እናትህም ደህና ነን። ቡድኑም ደህና ነው፤ ከደህናም በላይ። ጋዜጠኞቹ ዘንድሮስ ይወድቃሉ እያሉ ያሟርታሉ። ያሟርቱ። በየዓመቱ ያሟርቱና ጥሎ ማለፉ ሲደርስ እኛ እንጫወታለን፣ እነሱ ይዘግባሉ።

እሑድ ደውለህ ቡድንህ እንዳሰናበተህ ስትነግረኝ፣ "አባዬ፣ እስቲ አንተ ጋ ቦታ ካለ እይልኝ፤ አንድ ዓመት ብቻ" አልከኝ። አስቤ እጽፍልሃለሁ ብዬህ ነበር። አሰብኩበት። መልሴ አይሆንም ነው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። እዚህ ተጫዋች የምቀጥረውም የማሰናብተውም እኔ ነኝ፤ በአሜሪካ ፉትቦል ደግሞ የተጫዋቾች ጠቅላላ የደመወዝ ጣሪያ ለሁሉም ቡድን እኩል ነው። የኒው ዮርክ ቱጃርም ሆነ የእኛ ባለቤት ከዚያ በላይ አንዲት ዶላር መጨመር አይችሉም። ስለዚህ ለአንዱ በፍቅር የጨመርክለት ከሌላው ጉሮሮ የነጠቅከው ነው። ብዙ ቡድን የሚወድቀው ተጫዋች መምረጥ ስለማያውቅ አይደለም፤ መሰነባበት ስለማያውቅ ነው። ትናንት ላስደሰታቸው ሰው የነገን ደመወዝ ይሰጣሉ። የዘንድሮውን ክፍያ ወደሚመጣው ዓመት እየገፉ ብልጥ የሆኑ ይመስላቸዋል፤ በኋላ ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ዓሣ ሲያጠምድ ሒሳቡ ከእነሱ ጣሪያ ይቆረጣል። እኔ ግን ሰው የማሰናብተው አንድ ዓመት ቀደም ብዬ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

አምበላችንን ዳርኔል ቲብስን ታስታውሰዋለህ። ባለፈው ሳምንት አሰናበትኩት። ቢሮዬ ገብቶ ወንበሩን ሞልቶ ተቀመጠና፣

"ላይል፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አርጅቻለሁ?" አለኝ።

"አላረጀህም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ታረጃለህ።"

"አንተ ሰውዬ እኮ እናትህንም ታሰናብታለህ!"

"ጉልበቷ እንደ አንተ ከሆነ፣ አዎ።"

ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ይኸው በእሱ ደመወዝ ኳሱን የሚወረውርልንን ልጅ ውል አደስኩ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ በርካሽ የሚሮጡ ወጣቶችም የምይዝበት ተረፈኝ። ዳርኔልን ካሰናበትኩ በኋላ የራሴን ልጅ ብቀጥር ተጫዋቾቹ ምን ይሉኛል?

እዚህ ድረስ ጽፌ ለእናትህ አነበብኩላት። ድስት እያጠበች ነበር።

"ቆንጆ ደብዳቤ ነው" አለች። "ውሸት መሆኑ ነው እንጂ።"

"ምኑ ነው ውሸት?"

"ለአንጋፋ ተጫዋች ዝቅተኛውን ደመወዝ ስትከፍል፣ ከጣሪያው የሚቆጠርብህ እንደ ልጅ እግር ተጫዋች ጥቂቱ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ራት ላይ በዚህ ወሬ አሰልችተኸኝ የለ እንዴ! ልጁም ያውቀዋል። በጣሪያው አታሳብብ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!"

እኛ ሚኒሶታዎች እንዲህ ነን። ሰው ራት ሲጠራን አንመጣም አንልም፤ መንገዱ በረዶ ነው እንላለን። በሞቃቱ ወር ቢጠሩን እንኳ የምናሳብብበት አናጣም።

እናትህ ልክ ናት። ቦታ አለኝ። በርካሽ ልይዝህ እችላለሁ፤ አሰልጣኙም ይፈልግሃል። ዳርኔል ራሱ "ልጁን ያዘው" ብሎኛል።

የገና ሰሞን ጨዋታህን እንደ ማንኛውም ተጫዋች ልገመግምህ ብዬ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ኳስ የያዘውን ልጅ ጣልከው፤ ጥሩ አጣጣል ነበር። ሄልሜትህ ከጉልበቱ ጋር ተጋጨ። ተነሥተህ ከሜዳ ሮጠህ ወጣህና ተቀመጥክ፤ በተጋጣሚዎቻችሁ ወንበር ላይ። የእነሱ ልጅ እጅህን ይዞ ወደ ጓደኞችህ ሲመልስህ ሕዝቡ ሳቀ። አንተም ሳቅክ። ለሐኪሞቹ ምን እንዳልካቸው እንጃ፣ ትንሽ ቆይተህ ተመልሰህ ገባህ።

ፈራሁ፣ ልጄ። ሌላ ቡድን ቢጠራህ ላስቀርህ አልችልም፤ ትልቅ ሰው ነህ። እንድትመታ የሚከፍልህ ፊርማ ግን የአባትህ አይሆንም። በዚህ ብትቀየመኝ ቅያሜህን እችለዋለሁ። እናትህ ሮቸስተር ካለ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልሃለች፤ ቤተሰብህን ይዘህ ና።

ጌታ ይጠብቅህ፤ ለባለቤትህ ለሊና ጤናና ብርታት ይስጣት። እሑድ ስትደውል የልጅህን ስም ፈልገህ አጣኸውና "ትንሿ" ብለህ አለፍከው። እኔም ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩት።

ስሟ ሶልቬግ ነው። ሳምልኝ።

አባትህ፣
ላይል ብራንድቮልድ